ከጃንሆይ ንግግር የተወሰደው የቦብ ማርሌ ዘፈን

ቦብ ማርሌ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ምስሉ በሚኒባስና በባጃጅ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይታያል። የ60ኛ ዓመት ልደቱ በ1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በታላቅ የሙዚቃ ድግስ ተከብሯል። ከዘፈኖቹ አንዱ ግን ከሌሎቹ በላይ ለዚህ አገር ይቀርባል። እሱም “ዋር”፣ ማለትም “ጦርነት” የተባለው ነው።

የዚህ ዘፈን ግጥም ከሞላ ጎደል የማርሌ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ጃንሆይ የተናገሩት በአማርኛ ነበር፤ ማርሌ ያዜመው የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ነው። ዘፈኑን በባዕድ ቋንቋ የሚሰማው አበሻ የሚሰማው በራሱ ቋንቋ የተነገረውን ቃል ነው።

ንግግሩ የተደረገው መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ነው። ጊዜው ለንጉሠ ነገሥቱ ጥሩ ጊዜ ነበር። ከአራት ወር በፊት፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሥርቷል። ወደ መድረኩ ሲወጡ ያስታወሱት ግን ሌላ ቀን ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ በመርዝ ጋዝ ስለሚያልቀው ሕዝባቸው አቤት ብለው ነበር። ሰሚ አላገኙም። ከ27 ዓመት በኋላ የማኅበሩ ተተኪ በሆነው ድርጅት መድረክ ሲቆሙ፣ የድሮው ማኅበር በምን እንደወደቀ በደንብ ያውቁ ነበር።

ማርሌ የወሰደው ስለ አፍሪካ የተናገሩበትን ክፍል ነው። አንዱን ዘር የበላይ፣ ሌላውን የበታች የሚያደርግ አስተሳሰብ እስካልተወገደ፣ በአንድ አገር ውስጥም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ የሚባል ነገር እስካልቀረ ድረስ፣ ሰላም የምኞት ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው። ከዚያም አንጎላን፣ ሞዛምቢክንና ደቡብ አፍሪካን በስም ይጠራል።

ዘፈኑ የወጣው በ1968 ዓ.ም. “ራስታማን ቫይብሬሽን” በተባለው አልበም ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ሞዛምቢክና አንጎላ ከፖርቹጋል ነፃ ከወጡ ወራት አልፏቸው ነበር። ታዲያ ማርሌ ነፃ የወጡትን አገሮች እንዳልወጡ አድርጎ ለምን ይጠራቸዋል? መልሱ ቀላል ነው። ስሞቹ የ1956 ዓ.ም. ስሞች ናቸው፤ ዘፋኙ ንግግሩን እንደተነገረ ወሰደው። የሦስተኛዋ አገር ጉዳይ ግን ገና ትኩስ ነበር። አልበሙ በወጣ በሁለተኛው ወር በደቡብ አፍሪካ የሶዌቶ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው በጥይት ተመቱ።

ንግግሩ ወደ ጃማይካ የደረሰበት መንገድ ከራስታፈሪያን እምነት ጋር የተያያዘ ነው። እምነቱ ስሙን ያገኘው ከራስ ተፈሪ ሲሆን፣ ተከታዮቹ ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ ያዩዋቸዋል። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ማርሌ ያን ቀን በሥራ ምክንያት አሜሪካ ነበር። ባለቤቱ ሪታ ግን ከሕዝቡ መካከል ሆና አየቻቸው፤ በመዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት ማየቷንም ተናግራለች።

በነሐሴ 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሞት በአዲስ አበባ ሲነገር፣ ማርሌ “ጃህ ላይቭ” በተሰኘ ዘፈን አምላክ አይሞትም ብሎ መለሰ። “ዋር” የተከተለው በዓመቱ ነው። በአልበሙ ላይ ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት የእግር ኳስ ተጫዋቹ ወዳጁ አለን ኮልና ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬት ናቸው። የጃንሆይ ስም በደራሲነት አልሰፈረም።

የታሪኩ ከባዱ ክፍል ያለው እዚህ አገር ነው። ዘፈኑ በዓለም ሲዞር፣ ደርግ ተናጋሪውን ከዙፋን አውርዶ አስሮ፣ አስከሬናቸውን የት እንዳደረገ ሳይናገር ቆይቷል። የውጭው ዓለም በቃላቸው ሲጨፍር፣ በአገራቸው መቃብር እንኳ አልነበራቸውም።

ቃሉ ግን ለተናጋሪውም መመዘኛ መሆኑ አይቀርም። በኒው ዮርክ ስለ ሰው ልጆች እኩልነትና ስለ ትንንሽ አገሮች መብት ሲናገሩ፣ ራሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የወሰነው የኤርትራ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ዓመት አልሞላውም ነበር። የኤርትራ ጦርነት ሦስት አሥርተ ዓመታት ወሰደ። የወሎ ገበሬ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በረሃብ ሲረግፍም ቤተ መንግሥቱ ዝምታን መርጧል። ዜጎች አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ በሆኑበት አገር ሰላም አይኖርም የሚለው ሐሳብ ለፕሪቶሪያ ብቻ የተጻፈ አልነበረም። ለአዲስ አበባም ይሠራል፤ ከጃንሆይ በኋላ ለመጡትም እንደዚሁ።

ዘፈኑን ለሌላ ግፍ ያዋለችው አየርላንዳዊቷ ሺኔድ ኦኮነር ናት። በ1985 ዓ.ም. በኒው ዮርክ “ሳተርደይ ናይት ላይቭ” በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ “ዋር”ን ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ዘፈነች። ከግጥሙ ቆርጣ በልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን አስገባችበት። ሲያልቅ የሮማውን ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛን ፎቶ በካሜራ ፊት ቀደደች። ፕሮግራሙ የተላለፈበት ዕለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 23 ነው። ጃንሆይ በዚያው ከተማ ከተናገሩ ልክ 29 ዓመት ማለት ነው።

ውግዘቱ ከባድ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን መድረክ ላይ ስትወጣ ታዳሚው ጮኸባት። ልትዘፍን የተዘጋጀችውን ትታ እንደገና “ዋር”ን ጮክ ብላ ተናግራ ወረደች። በ2009 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ መንግሥት ያስጠናቸው ሁለት ሪፖርቶች በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተቋማትና በካህናት በልጆች ላይ የተፈጸመውን በደል ዘርዝረው አወጡ። በዚያች ሌሊት ጮኸው ያወገዟት የተሳሳቱት እነሱ እንደነበሩ ያን ጊዜ ታወቀ።

ዘፈኑ በኦኮነር አፍ እንደገና በተሰማበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ የንጉሠ ነገሥቱ አጽም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው ግን ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት ሥርዓተ ቀብር አልተደረገለትም። ከለቀስተኞቹ መካከል ከጃማይካ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፤ ሪታ ማርሌ።

በ1958 ዓ.ም. በኪንግስተን እንደ አምላክ የተቀበለቻቸውን ሰው፣ በአዲስ አበባ እንደ ሰው ተሰናበተቻቸው። ቃላቸው ግን ወደ መቃብር አልወረደም። “ዋር” በተከፈተ ቁጥር ለሚሰማው ሥልጣን ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ያነሣል፦ በአንተ አገር ስንት ደረጃ ዜጋ አለ?