ገንዘብ እንዴት ይጠፈጠፋል?

ሰሞኑን ስለ ቤት ኮምፒውተር ታሪክ የተተረጎመ አንድ ረቂቅ እንዳይ ተሰጥቶኝ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ለሞደም ተጠቃሚዎች «ጠፍጣፋ ክፍያ» ማስተዋወቁን አነበብኩና እርሳሴን አስቀመጥኩ። ጠፍጣፋ እግር አውቃለሁ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ልብስ ሲታጠብም አይቻለሁ። ክፍያ ሲጠፈጠፍ ግን አላየሁም። ተርጓሚው «ፍላት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም ትቶ ቅርጹን ነው የገለበጠው። አንድ ረቂቅ ላይ ብቻ ቢሆን በዝምታ አርሜ አልፈው ነበር። ነገር ግን ቃሉ «ጠፍጣፋ ታሪፍ» እየተባለም ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ መዞር ጀምሯል።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በደቂቃ ወይም በሰዓት መቆጠሩ ቀርቶ አስቀድሞ በታወቀ ዋጋ መገልገል ነው። ረቂቁ የሚተርከው ታሪክ ግን ቃሉን ለመመዘን ስለሚረዳ ትንሽ ልቆይበት።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በቤቱ ሞደም ሌላ ከተማ ካለ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ሰው የሚከፍለው እንደማንኛውም የሩቅ ስልክ ደዋይ በደቂቃ ነበር። የዘመኑ ሞደም ደግሞ ዘገምተኛ ነው፤ በሰከንድ 300 ቢት የሚልከው አንድ ገጽ ጽሑፍ ለማድረስ ከደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ለስሌት ያህል ደቂቃው 15 ሳንቲም ነው ብንል፣ በ25 ዶላር የሚገኘው ጊዜ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በየምሽቱ አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

በ1985 ያ ኩባንያ፣ ቴሌኔት፣ «ፒሲ ፐርሱት» የሚባለውን አገልግሎት ይዞ መጣ። የቴሌኔት መረብ ቀን ቀን መሥሪያ ቤቶችን ያገለግላል፤ ማታ ግን ባዶውን ያድራል። ስለዚህ የቤት ተጠቃሚው በራሱ ከተማ ወዳለው የቴሌኔት ቁጥር ይደውላል፣ መረቡ መልእክቱን ተሸክሞ ሩቅ ከተማ ያደርሳል፣ እዚያ ያለው ሞደም ደግሞ የቀረችውን መንገድ በአካባቢ ጥሪ ይጨርሳል። በሥራ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀኑንም ጭምር፣ በወር 25 ዶላር። ወር ሲያልቅ የስልክ ሒሳቡን ፖስታ በፍርሃት መክፈት ቀረ፤ ሰውየው ቁርጡን አወቀ።

የምፈልገው ቃል እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይጠራ መጣ።

«ቆረጠ» በአማርኛ የቢላዋ ሥራ ብቻ አይደለም። የሠርግ ቀን ይቆረጣል። ዋጋ ይቆረጣል። ለተቀጣሪ ደመወዝ ይቆረጥለታል፤ ካጠፋ ደግሞ ያው ደመወዝ ይቆረጥበታል፤ «ለ» እና «በ» ብቻ ደስታንና ሐዘንን ሲለዩ ማየት የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ይቆይ። ግንበኛ በቀን ሒሳብ ካልሆነ በቁርጥ ይሠራል። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አነስተኛ ነጋዴ ቁርጥ ግብር ሲከፍል ኖሯል። ፒያሳ ላይ በኮንትራት ታክሲ የሚሳፈሩ እናት በሩን በአንድ እጃቸው ይዘው «ዋጋውን ቁረጥና ልግባ» ሲሉ መንገዱ ቢዘጋጋም ባይዘጋጋም ሒሳቡ እንዳይነቃነቅ ነው የሚዋዋሉት። እንግዲህ «ቁርጥ ክፍያ» ለማለት አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለውን መጥራት ይበቃል። ተቃራኒውም አብሮት ይመጣል፦ የቆጣሪ ክፍያ።

ሌሎች አማራጮችም ቀርበውልኛል። «ቋሚ ክፍያ» መጥፎ አይደለም፤ ግን ዋጋው ከዓመት ዓመት አይለወጥም የሚል ተስፋ ይሰጣል። «ወጥ ክፍያ» ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ሰዓት እኩል ማለት ይመስላል፤ ፒሲ ፐርሱት ቀንና ማታን ለይቶ ስለነበር አይገጥመውም። ብዙዎች የሚወዱት «ያልተገደበ» ደግሞ ስለ መጠን እንጂ ስለ ዋጋ አይናገርም። ልዩነቱን ራሱ ፒሲ ፐርሱት አሳይቶናል፤ ተጠቃሚው ሌሊቱን ሙሉ መስመር እየያዘ ሲያስቸግር በ1989 ክፍያው በወር 30 ዶላር ሆኖ አጠቃቀሙ በ30 ሰዓት ተገደበ። ዋጋው አሁንም ቁርጥ ነው፤ ያልተገደበ መሆኑ ግን አክትሟል። አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ሌላ ኩባንያ በወር ለ5 ሰዓት 9.95 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ሰዓት 2.95 ሲያስከፍል ቆይቶ በታኅሣሥ 1996 (በነሱው አቆጣጠር) በ19.95 ዶላር የፈለጋችሁትን ያህል ሲል ደግሞ ቁርጥም ያልተገደበም ሆነ፤ መስመሩም ተጨናንቆ ደዋዩ «ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ከረመ።

«ቁርጥ ሲባል ሥጋ ቤት ትዝ ይለኛል» ያለኝ አለ። «ወጥ» ሲባልስ ምን ትዝ ይለው ይሆን? ቃል በጎረቤቱ ይለያል፤ «ቁርጥ ግብር» ያለ ጊዜ ማንም አዋዜ አልጠየቀም።

ባዕድ ቃል አልጠላም። «ሞደም»ን ለመተርጎም አልሞክርም፤ «ዳያል አፕ»ም እንደለመድነው ይቀጥል። «ታሪፍ»ም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ዛሬ የታክሲ ረዳት የሚምልበት ቃል ሆኗል። ባዕድ ቃል እንግዳ መሆኑን ስለማይደብቅ ሰው ጠይቆ ይረዳዋል። «ጠፍጣፋ ክፍያ» ግን አማርኛ ለብሶ እንግሊዝኛ ያስባል፤ እንግሊዝኛ የማያውቅ አንባቢ አይረዳውም፤ የሚያውቀውም የሚረዳው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ተርጉሞ ነው።

ረቂቁን «ጠፍጣፋ» ያለበትን ሁሉ አርሜ መልሻለሁ። ከ«ቁርጥ ክፍያ» የተሻለ ቃል ያላችሁ ጻፉልኝ፣ በደስታ እቀበላለሁ። ጠፍጣፋውን ግን ለድንጋዩ ተዉለት።