«ዓመፀኛ» እና «ምርኮኛ»፦ በጎጃም የአርበኝነት ዘመን የሁለት ቃላት ታሪክ

ጦርነት በጠመንጃ ብቻ አይካሄድም፤ በቃልም ይካሄዳል። በውጊያ ላይ የተያዘውን ሰው «ምርኮኛ» ብሎ የጠራው ወገን ሊመግበው፣ ሊያስጠልለውና ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ሊመልሰው ግዴታ ይገባል። «ዓመፀኛ» ብሎ የጠራው ግን የመግደያውን ምክንያት አስቀድሞ አበጅቷል። የአምስቱ ዓመት ወረራ ይህን ልዩነት በደም አስተምሯል።

ፋሺስት ኢጣልያ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከግዛቷ መቀላቀሏን አወጀች። በዚህ አንድ አዋጅ አገሩን የሚከላከል ወታደር ጠላት መሆኑ ቀርቶ ዓመፀኛ ተባለ። ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 28 ቀን፣ ሙሶሊኒ የተያዙት ዓመፀኞች ሁሉ እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዘዘ። ፍርዱ ከችሎቱ ቀድሞ ተጻፈ ማለት ነው። በሐምሌ ወር አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጦር ፍርድ ቤት ቀርበው በጥይት ተደበደቡ። በዚያ አዋጅ ላይ የቆመ ችሎት «ይህ ሰው በሕግ ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም ነበር፤ መልሱ ተሰጥቶት ነበርና።

ሕግ በሌለበት ዕጣ ይፈርዳል። ከጦርነቱ በፊት የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተይዘው ወደ ኢጣልያ፣ ወደ ፖንዛ ደሴት ተጋዙ። በዚያው ወር ወንድማማቾቹ አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ሁሉም የአንድ መንግሥት የጦር አለቆች ነበሩ።

እጅ መስጠት ካላዳነ ጫካ ይመረጣል። ፋሺስቱ የጎጃምን ገበሬ ትጥቅ ሊያስፈታ ሲነሣ ገበሬው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ዱር ገባ፤ በምዕራቡ ክፍል እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ መሩት። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ጠላት የቡሬን ምሽግ ለቅቆ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ከደብረ ማርቆስ ያፈገፈገውም ጦር ዓባይን ተሻግሮ በግንቦት ወር አጊባር ላይ እጁን ሰጠ። እነዚህ ወታደሮች በጦር ምርኮኛነት ተያዙ። ትናንት ለአርበኛው የተነፈገው ስም ዛሬ ለወራሪው ተሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ራስ እምሩ ወደታሰሩባት ፖንዛ በእስረኝነት ተወሰደ።

በ1949 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ሦስተኛው የጄኔቭ ስምምነት በአንቀጽ 5 የተያዘው ተዋጊ ማንነት ካጠራጠረ፣ ሥልጣን ያለው ችሎት እስኪወስን ድረስ እንደ ምርኮኛ እንዲጠበቅ ደነገገ። ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም. ስምምነቱን አጸደቀች። አንቀጹ የተጻፈው በመንግሥታት መካከል ለሚደረግ ጦርነት ነው፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ከዚያ ይሰፋል፦ በእጅ የገባ ሰው ስም ሳይወጣለት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ጠያቂውም የያዘው ሰው ብቻ አይሁን። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍቼ እስከ አጊባር ያለው መሬት ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ሲቀር የሚከፈለውን ዋጋ ያውቃል።