አምስት አምፔር፦ የሊባኖስ መብራትና የቴሌቪዥናችን ታሪክ

ሊባኖስ የሠራች እህት ሁሉ ሦስት ቃላት ታውቃለች፦ ዳውለ፣ ሞተር፣ ኢሽቲራክ። ዳውለ የመንግሥት መብራት ነው። ሞተር የሰፈሩ ጄኔሬተር ነው። ኢሽቲራክ ደግሞ ለሞተሩ ባለቤት በየወሩ የሚከፈለው ነው። «በሞተር ነን፣ ካውያውን አትሰኪ» የሚባለው ትእዛዝ ከማዳም ጠባይ ብቻ የመጣ አይደለም፣ የብዙ ዓመት ታሪክ አለው። የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ደሞ በብዙ ቤት ጣት የሚቀሰረው በኛ ክፍል ቴሌቪዥን ላይ ነው። እኔም ስለዚህ ነው ይህን የጻፍኩት። ታሪኩንና ሂሳቡን አብራ ያወቀች እህት ያለአግባብ ስትወቀስ ዝም አትልም። ዓመቶቹን በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው ያስቀመጥኳቸው።

ከጦርነቱ በፊት

የሊባኖስ መብራት ድርጅት የተቋቋመው በ1964 ነው። የኛ አገር ቴሌቪዥንም ስርጭት የጀመረው በዚያው በ1964፣ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ሊባኖስ ግን ቴሌቪዥን ቀድሞ በ1959 ገብቷል። በዚያ ዘመን በሊታኒ ወንዝ ላይ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ይሠሩ ነበር፣ ቤይሩትም ሌሊቱን ሙሉ የምታበራ ከተማ ነበረች። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ቫልቮች ስለነበሩት ከ100 ዋት በላይ ይበላ ነበር። ቢሆንም መብራት ስለማይጠፋ ስንት ይበላል ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በ1975 የእርስ በርስ ጦርነቱ ተነሳ፣ እስከ 1990 ድረስ ቆየ። መስመሮች ተበጠሱ፣ ነዳጅ ማመንጫዎቹ ጋ በጊዜው መድረስ አቃተው። አንዲት የተንከባከብኳቸው ተታ በዚያን ጊዜ የመኪና ባትሪ አውልቀው ትንሽ ቴሌቪዥን እያበሩ ዜና ያዩ እንደነበር አጫውተውኛል። ትንሿ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በ12 ቮልት ስለምትሠራ የምትፈልገው ትንሽ ነው። የዚህ አገር ሰው መብራትን እየቆጠረ መጠቀም የተማረው ያኔ ነው። ሱቆችና ሕንፃዎች ትናንሽ ጄኔሬተር መግዛት ጀመሩ፣ ቀጥሎም አንድ ጄኔሬተር ያለው ሰው ለጎረቤቶቹ በገመድ እየሳበ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ከሰገነት ሰገነት ተጠላልፎ የምናየው ሽቦ መነሻው ይሄው ነው።

«ለጊዜው» የተባለው ሞተር

ጦርነቱ ሲያልቅ ሞተሩ ይቀራል ተብሎ ነበር። በ1990ዎቹ በሰሜን ዴር አማር፣ በደቡብ ዛህራኒ የሚባሉ ትልልቅ ማመንጫዎች ተሠሩ። ነገር ግን ሁለት ነገር አላራመደውም። አንዱ ቦምብ ነው። እስራኤል በ1996 ጀምሁርና ብሳሊም ያሉትን ማከፋፈያ ጣቢያዎች ደበደበች፣ በ1999ና በ2000ም የመብራት ጣቢያዎች እንደገና ተመቱ። በ2006ቱ ጦርነት የጂዬ ማመንጫ የነዳጅ ታንከሮች ተቃጥለው ዘይቱ ባሕሩን አጠቆረው።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። መንግሥት የመብራት ዋጋን በ1994 ወስኖ 28 ዓመት ሙሉ ሳይነካው ቆየ። ዋጋው የተወሰነው አንድ በርሜል ነዳጅ 20 ዶላር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ነው። ነዳጁ 100 ዶላር ሲያልፍም ሂሳቡ ያው ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ በሸጠ ቁጥር ይከስራል፣ ኪሳራውን የመንግሥት ካዝና ይሸፍናል፣ ዕዳውም ይከመራል። አዲስ ማመንጫ የሚሠራበት ገንዘብ አልተገኘም። በ2013 ከቱርክ ማመንጫ የተገጠመላቸው መርከቦች ተከራይተው መጡ፣ እስከ 2021 ቆዩ። እነሱም ቀዳዳውን አልደፈኑትም። ቤይሩት ውስጥ በቀን 3 ሰዓት መብራት ይጠፋል፣ ከቤይሩት ውጭ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠፋ ነበር። ያንን ሰዓት የሚሞላው ሞተር ነው። «ለጊዜው» የተባለው ሞተር ባለቤቶቹን ሀብታም አደረገ።

ሞተር የሚሸጠው በአምፔር ነው። ብዙ ቤት 5 አምፔር ይወስዳል። አምፔርን በቮልት ማባዛት ዋት እንደሚሰጥ ትምህርት ቤት ተምረናል፦ 5 ሲባዛ በ220፣ 1,100 ዋት። እንግዲህ በሞተር ሰዓት ቤቱ ሁሉ የሚኖረው በ1,100 ዋት ውስጥ ነው። ፍሪጁ፣ አምፖሉ፣ ኢንተርኔቱ፣ ቴሌቪዥኑ በአንድ ላይ ይገባሉ። ካውያ ግን ብቻውን 2,000 ዋት አካባቢ ነው። እሱ ሲሰካ ዲጆንክተሩ ይወድቃል፣ ጩኸቱም ይጀምራል።

2019 እና ከዚያ ወዲህ

በ2019 መጨረሻ የባንኩ ነገር ተበላሸ፣ ሊራው ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ። በ2020 ብዙ እህቶቻችን ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ ቆንስላችን በር ላይ የተጣሉት በዚሁ ቀውስ ነው። ነሐሴ ወር ላይ ወደቡ ሲፈነዳ ማር ሚካኤል ያለው የመብራት ድርጅቱ ዋና ሕንፃም ክፉኛ ተጎዳ። በ2021 የነዳጅ መግዣ ዶላር ጠፋ። ጥቅምት 9 ቀን 2021 ዴር አማርና ዛህራኒ ሁለቱም ነዳጅ አልቆባቸው ቆሙ፣ አገሪቱም ሙሉ በሙሉ ጨለመች። በዚያ ዘመን ዳውለ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ከመጣ ደስታ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመጣም ተነስተን ልብስ ማጠቢያውን እንከፍታለን።

በኅዳር 2022 መንግሥት አዲስ ዋጋ አወጣ። በወር የመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎዋት ሰዓት በ10 የዶላር ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ ያለው በ27 ሳንቲም ሆነ። የሞተር ባለቤቶችም ከ2018 ጀምሮ ቆጣሪ እንዲገጥሙ ታዘዋል፣ የሞተር ኪሎዋት ዋጋም በየወሩ በመንግሥት ይወጣል። ድሮ ማንም የማያየው ሂሳብ ዛሬ በዶላር የሚሰላ ሆነ። ቤት ውስጥ «ይሄን ያህል ማን በላው?» የሚለው ጥያቄ የጠነከረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቴሌቪዥኑ ምን ሆነ?

በእነዚህ ዓመታት ቴሌቪዥኑም ተለውጧል። ወፍራሙ ባለ 21 ኢንች ከ60 እስከ 100 ዋት ይወስድ ነበር። ቀጥሎ ጠፍጣፋው ፕላዝማ መጣ። እሱ ሆዳም ነው፣ ባለ 42 ኢንቹ ከ200 ዋት በላይ ይበላል፣ አጠገቡ ስትቆሙ ሙቀቱ ይሰማችኋል። ከኋላው በትናንሽ የኤልኢዲ መብራቶች የሚበራው ሲመጣ ፍጆታው በጣም ወረደ። ዛሬ ባለ 32 ኢንቹ ከ30 እስከ 50 ዋት፣ ባለ 55 ኢንቹ ከ80 እስከ 120 ዋት አካባቢ ነው። ብዙ ማዳሞች «ቴሌቪዥን መብራት ይጨርሳል» የሚሉት የፕላዝማው ዘመን ትዝ እያላቸው ይመስለኛል።

ስማርት ቴሌቪዥን ደሞ ሌላ ጠባይ አመጣ፤ በሪሞት ሲጠፋ አይተኛም። ድሮም ቢሆን ቀይ መብራቷ በርታ የምትቀመጥ ቴሌቪዥን ጥቂት ትበላ ነበር። በ1999 የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ የጠፋ ዕቃ ከ1 ዋት በላይ አይብላ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አውሮፓ በ2010 ይህንኑ ሕግ አደረገው፣ በ2013 ወደ ግማሽ ዋት አወረደው። አሁን ግን ቶሎ እንዲከፈት የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፣ በእንግሊዝኛ «ኩዊክ ስታርት» ወይም «ኢንስታንት ኦን» ይላል። እሱ ሲበራ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ጠፍቶም ከ10 እስከ 20 ዋት ይወስዳል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ

ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን 100 ዋት ይብላ እንበል። በቀን 5 ሰዓት ሲከፈት 500 ዋት ሰዓት፣ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በውዱ ዋጋ፣ በ27 ሳንቲም፣ 4 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነው። ውሃ ማሞቂያው 1,500 ዋት ሆኖ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ቢሠራ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት፣ ወይም 12 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነው። አንድ ሰዓት የሠራ ማሞቂያ አምስት ሰዓት ከተከፈተ ቴሌቪዥን ሦስት እጥፍ በላ ማለት ነው።

አንዲት የማኅበራችን እህት በክፍሏ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ነበራት። ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ያህል መዝሙርና ድራማ ታያለች። አሠሪዋ ለመብራት እያለች በየወሩ 20 ዶላር ከደመወዟ ትቀንስ ነበር። ቁጭ ብለን ሠራነው፦ 40 ዋት በ3 ሰዓት በ30 ቀን፣ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት። በ27 ሳንቲም 97 ሳንቲም ነው። የሞተር ዋጋ 40 ሳንቲም ነው ብንል እንኳን 1 ዶላር ከ44 ሳንቲም ይሆናል። ወረቀቱን ይዛ ሄደች። ሚስተሩ በስልኩ ደግሞ ሠራው፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ወር ጀምሮ ቅነሳው ቀረ። ያለፈው ገንዘብ ግን አልተመለሰላትም። ሂሳቡ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ያ ገንዘብ እናቷ ጋ ይደርስ ነበር።

ደሞ ፍሪላንስ ሆነን ለአራት ለአምስት ክፍል የተከራየን እህቶች እርስ በርስ የምንጣላውም በዚሁ ነው። ቴሌቪዥን የምታየዋ ትወቀሳለች፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ የምትሠራዋ አትጠየቅም። ሂሳቡ ከተሠራ ግን ጠብ የለም፣ ሁላችንም የድርሻችንን እናውቃለን።

ቴሌቪዥን ትንሽ ነው ማለት ግን ይባክን ማለት አይደለም። የሚቀነስበት መንገድ ይህ ነው፦

በመጀመሪያ ብርሃኑን ቀንሱ። አዲስ ቴሌቪዥን ለሱቅ ማሳያ በሚሆን ደማቅ ብርሃን ተስተካክሎ ሊመጣ ይችላል። የሥዕል ማስተካከያው ውስጥ «ቪቪድ» የሚለውን ወደ «ስታንዳርድ» ወይም «ኢኮ» ቀይሩት። ከፍጆታው የሚበዛው ከኋላ ያለው መብራት ስለሆነ ለውጡ ወዲያው ነው፣ ማታም ለዓይን ይሻላል።

ሁለተኛ፣ «ኩዊክ ስታርት» የሚለውን አጥፉ። 20 ዋት በቀን ለ19 ሰዓት ማለት በወር 11.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ 3 ዶላር አካባቢ ነው። እናንተ ካያችሁበት ብዙም የማይተናነስ ዋጋ ማንም ላላየው ቴሌቪዥን ይከፈላል።

ሦስተኛ፣ መዝሙር ወይም ስብከት ለመስማት ብቻ ከሆነ ስክሪኑን የሚያጠፋ ማስተካከያ ካለው ተጠቀሙበት፣ ድምፁ ይቀጥላል። ከሌለው በስልክ ስሙ፣ ስልክ ጥቂት ዋት ብቻ ነው የሚወስደው።

አራተኛ፣ ዳውለ ሄዶ ሞተር እስኪነሳ ባለው ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት። በድንገት የሚመጣ ኃይለኛ መብራት ዕቃ ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ቴሌቪዥን ደግሞ ከወር ሂሳብ ይበልጣል። ኦሌድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን በሪሞት እንዳጠፋችሁት ወዲያው ከሶኬት የመንቀል ልማድ አይኑራችሁ፣ ሲጠፋ ስክሪኑን የሚያስተካክልበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ፣ የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ ተመልከቱ። ዋቱ በትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፏል። የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ከዚያ ያነሰ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ በወሩ መጨረሻም እንደገና አንሱ። «ማን በላው?» የሚል ሲመጣ ፎቶውንና ሂሳቡን አሳዩ።