ስድስት ወር በላድብሮክ ግሮቭ

ላድብሮክ ግሮቭን የለንደን ሐበሻ በእንጀራውና በበርበሬው፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ በግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ ለቅሶ ያውቀዋል። እኔ ግን የሰፈሩ ስም ሲነሳ ቀድማ ትዝ የምትለኝ አንዲት ውሻ ናት። ሉን ትባላለች፤ ቻው ቻው ከሚባለው ባለጎፈር ዘር ናት። በ1938 ከቪየና ተሰዳ መጥታ እዚሁ ሰፈር ስድስት ወር ተዘግቶባት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ባለቤቷ ሲግመንድ ፍሮይድ ነው፣ ያ የሥነ ልቦናው ሊቅ።

ይህን ታሪክ የፈለግሁት በሥራዬ ምክንያት ነው። ቢሾፍቱ የእንስሳት ጤና ተምሬ፣ ጥቂት ዓመታት በየገጠሩ ከብት ስከትብ ከርሜ፣ ለንደን ገብቼ የሥራ ፈቃድ ሳገኝ የቀጠረኝ ከውጭ የሚገቡ ውሾችና ድመቶች የሚቆዩበት ለይቶ ማቆያ ነው። ጠዋት የድመቶቹን አሸዋ እለውጣለሁ፣ የበላውንና ያልበላውን እመዘግባለሁ፣ ያስነጠሰ ካለ ለሐኪሟ እነግራለሁ። ሰው ይህን ሥራ ማን ጀመረው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ስጠይቅ ሉን ላይ ደረስኩ።

ናዚዎች በማርች 1938 ኦስትሪያን ሲጠቀልሉ ፍሮይድ መንጋጋው በካንሰር ደጋግሞ የተቀደደ ሽማግሌ ነበር። ከቪየና አልወጣም ብሎ አሻፈረኝ ያለው ሰውዬ የተሸነፈው ጌስታፖ ልጁን አናን ጠርቶ በመረመራት ጊዜ ነው። መውጣቱም በነፃ አልነበረም። ለሚሄድ አይሁዳዊ ናዚዎች የሽሽት ግብር ይቆርጡበት ነበር፤ ከ31,000 ራይኽስማርክ በላይ የሆነውን የፍሮይድን ግብር የከፈለችለት ልዕልት ማሪ ቦናፓርት ናት፤ የናፖሊዮን ዘመድ፣ የእሱ ታካሚና ደቀ መዝሙር፣ እንደ እሱው የቻው ቻው ፍቅር የያዛት። ፍሮይድ ሚስቱን፣ አናንና ሉንን ይዞ በጁን 4 ባቡር ተሳፈረ፤ በፓሪስ በኩል አድርጎም በጁን 6 ለንደን ገባ። ሰዎቹ ወደተዘጋጀላቸው ቤት ሲያመሩ ሉን ወደ ላድብሮክ ግሮቭ ተወሰደች። ያ አፉን ከፍቶ መናገር የሚያመው የ82 ዓመት አዛውንት እዚያ እየሄደ ይጠይቃት ነበር። ቤተሰቡም እስከዚያው ትንሽ ይጽናና ብለው ጃምቦ የሚባል ፔኪኒዝ ውሻ ገዙለት፤ ጃምቦ ግን ልቡን የሰጠው ለቤት ሠራተኛዋ ነው አሉ። ሉን የተፈታችው በዲሴምበር ነው። ፍሮይድ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት እንኳን አልኖረም።

ቪየና ውስጥ የቀሩ አራት እህቶች ነበሩት፤ ሁሉም አሮጊቶች። ማሪ ቦናፓርት በኋላ እነሱንም ላውጣ ብላ ብትሞክር ቪዛ አልተገኘም። አራቱም በናዚ ካምፖች አለቁ። ይህን ሳያነሱ የሉንን ታሪክ ብቻ ማውራት አይሆንልኝም።

የሉን ስድስት ወር ቅጣት አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከተነከሰው ቦታ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ነው ወደ አንጎል የሚጓዘው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። እስኪደርስ ድረስ ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጭራውን ይቆላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ለውሻም ለሰውም መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የድሮዎቹ የነበራቸው መላ ዘግቶ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። አዲስ አበባ በ1903 ብርቱ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደደረሰባት ተመዝግቧል። የእኔ ዘመን ልጆችም ውሻ የነከሰው ጓደኛችን ፓስተር ኢንስቲትዩት ተወስዶ በየቀኑ ሆዱን ሲወጋ እናስታውሳለን፤ ክትባቱ የሚሠራው ከበግ አንጎል ነበር። እንግሊዞቹ ባልደረቦቼ በሽታውን የሚያውቁት በመጽሐፍ ነው። እኔ ውኃ ፊት ቆሞ መዋጥ ያቃተው፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ አህያ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ጓንቴን ሳላጠልቅ የማንንም አፍ የማልነካው፤ እነሱ ያሾፉብኛል።

እንግሊዝ ይህን በሽታ ያጠፋችው በከባድ ዘመቻ ነው። በ1897 ከውጭ የሚገባ ውሻ ለስድስት ወር ተለይቶ እንዲቆይ አዘዘች፤ በአገር ውስጥም ባለቤት አልባውን እያደነች፣ የቀረውን አፉን እየለጎመች በ1902 ነፃ ወጣች። ደሴት መሆኗ ጠቀማት። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ወታደሮች ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ የለመዱትን ውሻ ጥለው መመለስ አልሆነላቸውም፤ በካፖርታቸው ሸሽገው፣ በጆንያ ከተው አስገቡ። በ1918 በሽታው በዴቨንና በኮርንዎል በኩል ተመልሶ ገባ፤ እስከ 1922 ድረስም አልወጣም። የሉን እስር እንዲያ የጠበቀው ከዚያ ትዝታ የተነሣ ይመስለኛል። ከጦር ሜዳ የሚመጣ ሰው እንስሳውን ትቶ እንደማይመጣ መንግሥቱ ያኔ ተምሯል።

የሚገርመኝ በዚያው አገር፣ ሉን ከተፈታች ዘጠኝ ወር ሳይሞላ የሆነው ነው። በሴፕቴምበር 1939 ጦርነት ሲታወጅ ለንደኖች በገዛ እጃቸው ውሾቻቸውንና ድመቶቻቸውን ወደ ሐኪም እየወሰዱ አስገደሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በለንደን ወደ 400,000 የሚጠጉ እንስሳት እንደተገደሉ ታሪክ ጸሐፊዋ ሂልዳ ኪን አስፍራለች። አንድም ቦምብ ገና አልወደቀም ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ በራሪ ጽሑፍ በትኖ ነበር፤ እንስሳችሁን ወደ ገጠር ላኩ፣ ካልቻላችሁ ግን መግደሉ ይሻላል የሚል መልእክት ያለው። ሐኪም ቤቶች ደጅ ሰልፍ ተሠራ፣ ክሎሮፎርም እስኪያጥር ድረስ። ሁሉም ግን አልገደለም። የሃሚልተን ዱቼስ ኒና ፈርን የሚባለውን የገጠር ግቢዋን ከፍታ የሰው እንስሳ ሰብስባለች። ግን ያ ሰልፍ! የተሰለፉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ሲያለቅሱ ነበር የሄዱት። ፍርሃት ራሱን ደግነት ብሎ ሲጠራ ምን እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ያንን ሳምንት ያንብብ።

ጀርመን ውስጥ ነገሩ ሌላ ነበር። በ1942 አይሁዳውያን የቤት እንስሳ እንዳይኖራቸው ተከለከለ። የድሬስደኑ ምሁር የቪክቶር ክለምፐረር ሚስት ኤቫ ሙሸል የሚባል ድመታቸውን በሜይ ወር ወደ ሐኪም ወስዳ አስገደለችው። ለሌላ ሰው መስጠት አይፈቀድም ነበርና። ክለምፐረር የቋንቋ ሰው ነው፤ ይህንን ሁሉ በማስታወሻው ላይ ጽፎ ነው ያተረፈልን።

የስድስት ወሩን ሕግ የገደለው መርፌና የደም ምርመራ ነው። ከ2000 ጀምሮ እንግሊዝ ቺፕ ያለውንና የተከተበውን እንስሳ ክትባቱ መሥራቱ በደም ከተረጋገጠ ሳትዘጋበት ማስገባት ጀመረች። የሚፈለገው ቁጥር በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው፤ እኛ ጋር ሁሉም ሠራተኛ ይህችን ቁጥር እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ያውቃል። በሽታው ካልጠፋባቸው አገሮች ለሚመጣው መጀመሪያ ይከተባል፣ ከ30 ቀን በኋላ ደም ይቀዳል፣ ከዚያ ሦስት ወር ይጠበቃል። ዩክሬን ከእነዚህ አገሮች አንዷ ነበረች።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሩሲያ ስትወር ከካርኪቭ፣ ከኪየቭ፣ ከሚኮላይቭ የወጣ ሰው ሦስት ወር የሚጠብቅበት ቤት አልነበረውም። የአውሮፓ ኅብረት በቀናት ውስጥ አባል አገሮች ወረቀቱን እንዲያላሉ ጠየቀ፤ ፖላንድም በሜዲካ በኩል ድመት በደረቱ ይዞ የመጣውን ሁሉ ማስገባት ጀመረች። እንግሊዝም ወረቀት የሌለውን ተቀብላ እንደየሁኔታው እስከ አራት ወር በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ፣ ወጪውንም መንግሥት እንዲችለው አደረገች። የእኛ ግቢ በዚያ ጸደይ ሞላ።

ካገለገልኳቸው ሁሉ የማልረሳው ሙርቺክ የሚባል ግራጫ ድመት ነው። ከካርኪቭ እስከ ልቪቭ የመጣው የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ በሻሽ ታስሮ፣ በመክተፊያ ቢላ አየር ማስገቢያ ተበስቶለት። ባለቤቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት። የክትባት ደብተሩን ስትሰጠኝ ገጹን ገልጣ የክትባቱን ተለጣፊ በጣቷ አሳየችኝ፤ ያለ ቺፕ ግን ተለጣፊው የዚህ ድመት መሆኑን ማንም ሊመሰክር አይችልም። ማንበቢያውን በትከሻው ላይ አሳለፍኩት፤ ዝም አለ። ስለዚህ ከዜሮ ጀመርን፤ ቺፕ፣ ክትባት፣ ደም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትመጣና ክፍሉ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር በስልኳ ታርማለች፤ ካርኪቭ ትምህርቱ በኢንተርኔት ቀጥሎ ነበር። ድመቱ ከሳጥኑ ወጥቶ ጭኗ ላይ የሚተኛው ልትሄድ ስትል ነው።

በኖቬምበር 5 እንግሊዞች ርችት ይተኩሳሉ። በዚያ ምሽት ተረኛ ነበርኩ። ከሚኮላይቭ የመጣ ግዙፍ ጀርመን ሼፐርድ ገና የመጀመሪያው ሲፈነዳ ከአልጋው ስር ገብቶ ሽንቱን ለቀቀ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሬዲዮ ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እዚሁ እንግሊዝ የተወለዱት የሰፈሩ ውሾች ደግሞ ሰማዩ ላይ ይጮኹ ነበር።

ላድብሮክ ግሮቭ ቡና ላይ ስለ ሥራዬ ሳወራ አንዲት እናት ጀበናውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ሰው በር ላይ ቀርቶ ውሻ ይገባል እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው መሠረት ነበረው። ወረራው በተጀመረባቸው ሳምንታት አፍሪካውያን ተማሪዎች ከዩክሬን ባቡሮች ሲገፈተሩ፣ ድንበር ላይ ወደ ኋላ ሲባሉ ነበር፤ የአፍሪካ ኅብረትም በፌብሩዋሪ 28 ባወጣው መግለጫ ድርጊቱን ዘረኝነት ብሎታል። በዚያው ጊዜ ደግሞ ውሻዬን ካላስወጣችሁልኝ አልወጣም ያለ፣ ካርኪቭ የሚማር ሕንዳዊ ተማሪ በዜና ታይቷል።

ለእትዬ የመለስኩላቸው ብዙ አላረካቸውም። የበደለው ውሻው አይደለም፣ እሱ ቢቀርም ተማሪዎቹ በእሱ ቦታ አይገቡም ነበር አልኳቸው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። የሙርቺክ መዝገብ ላይ ምን እንደጎደለውና የሚወጣበት ቀን ተጽፏል። እኔ የጥገኝነት ማመልከቻዬን አስገብቼ ስጠብቅ የጎደለኝን የሚነግረኝም ሆነ ቀን የሚቆርጥልኝ አልነበረም፤ መሥራትም አይፈቀድልኝም ነበር። የፍሮይድ እህቶችም የጎደላቸው ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ነው የቀሩት። ለእንስሳ 0.5 የሚባል ቁጥር ተገኝቶለታል። እትዬ ቡናውን እየቀዱ፣ «አንተም ቺፕ ብታስገባ ይሻልህ ነበር» ብለው ቤቱን አሳቁት።

አስተማሪዋን ያስጠጉት እንግሊዛውያን ናቸው፤ የመንግሥቱ ዕቅድ ዩክሬናዊ የሚያስተናግድ ሰው ቢያንስ ስድስት ወር እንዲያኖር ይጠይቅ ነበር። ሙርቺክ ተለቅቆ ብዙም ሳይቆይ የእሷ ስድስት ወር አለቀ። ቤት ፍለጋ ወጣን፤ እንግሊዝኛዋ ገና ስለነበር ስልኩን የምደውለው እኔ ነበርኩ። እንስሳ አይፈቀድም። እንስሳ አይፈቀድም። ከ2019 ወዲህ በእንግሊዝ ሕግ አከራይ ለእንስሳ ብሎ ተጨማሪ መያዣ ገንዘብ መጠየቅ አይችልም፤ ኪራዩን ከፍ ከማድረግ ግን የሚከለክለው አልነበረም። በመጨረሻ ክሮይደን አንዲት ክፍል ተገኘች፤ ለድመቱ በወር 30 ፓውንድ ተጨመረባትና ፈረመች። ክፍሏ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ ሊፍት የለውም። የድመቱን ሳጥን ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከባድ ነው፣ እኛ ጋር ሳለ ከልክ በላይ ወፍሯል።