ከእርምጃ የሚወጣ ኤሌክትሪክ፦ የፒቪዲኤፍ ፊልም አቅምና ልክ

በ1996 እ.ኤ.አ. ታድ ስታርነር የተባለ የኤምአይቲ ተመራማሪ ሰው ሲራመድ የሚያባክነውን ኃይል አስልቶ ነበር። ክብደቱ 68 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዙ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢልና በሰከንድ ሁለት ጊዜ ቢረግጥ፣ ከዚህ ብቻ 67 ዋት ያህል ይገኛል። ስታርነር ከዚህ ውስጥ 5 ዋት ያህሉን በጫማ ውስጥ በሚነጠፍ ፒዞኤሌክትሪክ ፕላስቲክ መያዝ እንደሚቻል ገመተ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ተቋም የተሠራው ጫማ ሲለካ ግን አማካይ ምርቱ 1 ሚሊ ዋት ገደማ ሆነ። ግምቱ ከልኬቱ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል።

ቴክኖሎጂው ገና ስላልበሰለ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የእኔ ሙግት ግን ክፍተቱ ከራሱ ከቁሱ ጠባይ የሚመነጭ ነው የሚል ነው። የዚህን ፕላስቲክ ፊልም ምርጥ ሴንሰር የሚያደርጉት ጠባዮች ደካማ የኃይል ምንጭም ያደርጉታል።

ፒዞኤሌክትሪክ የሚባሉት ቁሶች ሲጨመቁ ወይም ሲሳቡ በገጻቸው ላይ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያወጣሉ፤ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ደግሞ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ ይህን ጠባይ በ1880 በኳርትዝና በሌሎች ክሪስታሎች ላይ አገኙት። ጠባዩ የድንጋይና የሴራሚክ ብቻ አለመሆኑን በ1950ዎቹ ያሳየው ጃፓናዊው ኤይቺ ፉካዳ ነው፤ እሱ የለካው እንጨትና አጥንት ነበር። በ1969 ደግሞ ሌላው ጃፓናዊ ሄይጂ ካዋይ ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድ፣ በአጭሩ ፒቪዲኤፍ፣ ከዚያ በፊት ከታወቁት ፖሊመሮች ሁሉ እጅግ የበለጠ ፒዞኤሌክትሪክ መሆኑን አሳተመ።

ምስጢሩ ያለው በሞለኪውሉ ውስጥ ነው። የፒቪዲኤፍ ሰንሰለት ሁለት ሃይድሮጅን የያዘ ካርቦንና ሁለት ፍሎሪን የያዘ ካርቦን እየተፈራረቁ የሚቀጥሉበት ነው። ፍሎሪን ኤሌክትሮንን አጥብቆ ወደ ራሱ ስለሚስብ በሰንሰለቱ አንድ ወገን አሉታዊ፣ በሌላው ወገን አወንታዊ ሙል ይከማቻል። ሆኖም ፖሊመሩ ከቀለጠበት ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አልፋ የተባለውን ቅርጽ ነው፤ በዚህ ቅርጽ ጎረቤታም ሰንሰለቶች ፊታቸውን አዙረው ስለሚደረደሩ የአንዱ ሙል የሌላውን ያጠፋዋል። የሚፈለገው ቤታ የተባለው ቅርጽ ነው፤ በዚህ ውስጥ ፍሎሪኖቹ በሙሉ በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። ወደዚያ ለመድረስ ፊልሙ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከርዝመቱ አራት አምስት እጥፍ እስኪሆን ይሳባል፤ የተባዘተ ጥጥ በእንዝርት ሲፈተል ቃጫው ወደ ክሩ አቅጣጫ እንደሚሰለፍ ሰንሰለቶቹም ወደ ስበቱ አቅጣጫ ይቃናሉ።

መሳቡ ብቻ አይበቃም። የሰንሰለቶቹን ዋልታ ወደ አንድ አቅጣጫ ለማዞር በሜትር 50 ሚሊዮን ቮልት ያህል የሆነውን ደፍ የሚያልፍ መስክ ያስፈልጋል፤ ለ28 ማይክሮ ሜትር ፊልም ይህ 1,400 ቮልት ማለት ነው። መስኩ ሲነሣ አቅጣጫው እንደተያዘ ይቀራል፤ በተቃራኒ መስክ ደግሞ ይገለበጣል። ፌሮኤሌክትሪክ የሚያሰኘው ይኸው ነው። የሚገርም አንድ ነገር ልጨምር፦ የተለመዱት ሴራሚኮች በዋልታቸው አቅጣጫ መስክ ሲሰጣቸው ይወፍራሉ፣ ፒቪዲኤፍ ግን ይሳሳል። ለዚህ አሉታዊ ምልክት የክሪስታሉንና የኢክሪስታሉን ክፍል ትስስር በመመርመር አሳማኝ ማብራሪያ የተሰጠው በ2016 ነው፤ ከካዋይ ግኝት 47 ዓመት በኋላ።

አሁን ወደ ጫማው እንመለስ። በኤምአይቲው ጫማ ውስጥ የገባው 28 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያላቸው 16 ፊልሞች ቁልል ሲሆን፣ ስምንት ስምንቱ 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ተጣጣፊ ፕላስቲክ ግራና ቀኝ ተለጥፈዋል። ለምን መታጠፍ አስፈለገው? 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን አንድ ፊልም አስቡ። የሚይዘው ካፓሲታንስ 7.6 ናኖ ፋራድ ያህል ነው። ሰው 700 ኒውተን በሆነ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ቢረግጠው፣ ፊልሙ በኒውተን 30 ፒኮ ኩሎምብ ስለሚሰጥ የሚወጣው ሙል 21 ናኖ ኩሎምብ፣ ቮልቴጁ 3 ቮልት ገደማ፣ ኃይሉ ደግሞ 0.03 ማይክሮ ጁል ብቻ ነው። ይህ ምንም ማለት ይቻላል። ያው ፊልም 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት በርዝመቱ በ50 ኒውተን ብቻ ቢሳብ ግን፣ ጉልበቱ የሚያርፈው በቀጭኑ የጎን ቁርጥ ላይ ስለሆነ ጫናው ወደ 36 ሜጋ ፓስካል ይወጣል። በዚህ ጊዜ ቮልቴጁ 190 ቮልት ገደማ፣ ኃይሉም 130 ማይክሮ ጁል ይሆናል፤ ከመረገጡ ከአራት ሺህ እጥፍ በላይ። የንድፉ ብልሃት ሁሉ ረገጣን ወደ ስበት መለወጥ ነው።

ሆኖም ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንግፋው። በዚያ ስበት ፊልሙ ውስጥ የሚከማቸው ሜካኒካዊ ኃይል 12 ሚሊ ጁል ያህል ነው፤ ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። አሥራ ስድስቱ ፊልሞች በአንድነት የሚይዙት 0.2 ጁል አይሞላም፤ አንድ እርምጃ ግን በስታርነር ስሌት 33 ጁል አለው። ስለዚህ ከእርምጃው ውስጥ ወደ ፊልሙ የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ነው፣ ከገባውም የሚለወጠው የመቶ አንዱ ነው። ሁለቱ ሲባዙ በእርምጃ 2 ሚሊ ጁል ይቀራል፤ ያም ቢሆን ምንም ነገር በሽቦና በማስተካከያ ዑደት ውስጥ ካልባከነ። የተለካው 1 ሚሊ ዋት እንግዲህ የጥሩ ሥራ ውጤት ነው። ግምቱ ነበር የተሳሳተው።

ስለዚህም «ይህን ያህል መቶ ቮልት አመነጨን» የሚሉ የምርምር ርዕሶችን በጥርጣሬ ማንበብ ይገባል እላለሁ። ከላይ ያለው 190 ቮልት የተቀመጠው በ7.6 ናኖ ፋራድ ላይ ነው፤ በሰከንድ አንዴ በሚደጋገም እንቅስቃሴ የፊልሙ የውስጥ ተቃውሞ ከ20 ሜጋ ኦም ይበልጣል። ጭነት ሲያያዝበት ቮልቴጁ ይወድቃል። ሊለካ የሚገባው በተገቢ ጭነት ላይ የሚገኘው አማካይ ኃይል ነው። ከዚህ የከፋውም ሁለት ንጣፎች ሲነካኩና ሲላቀቁ የሚፈጠረው የመፋተግ ሙል ፒዞኤሌክትሪክ መስሎ መቆጠሩ ነው፤ በተለይ በናኖ ቃጫ በተሠሩ ንጣፎች ላይ። ፊልሙ ሲገለበጥ ምልክቱ ካልተገለበጠ፣ ወይም ዋልታው ያልተስተካከለ ፊልም ተመሳሳይ ውጤት ከሰጠ፣ የተለካው ሌላ ነገር ነው።

በሴንሰርነት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ፒዜድቲ የተባለው እርሳስ ያለበት ሴራሚክ በኒውተን በመቶዎች የሚቆጠር ፒኮ ኩሎምብ ቢሰጥም ፐርሚቲቪቲው ከ1,000 በላይ ስለሆነ ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፤ የፒቪዲኤፍ ፐርሚቲቪቲ 12 ገደማ በመሆኑ ለተመሳሳይ ጫና አሥር እጥፍ ያህል ቮልቴጅ ይሰጣል። ለስላሳነቱም ከውኃ ጋር ያስማማዋል። ከውኃ ወደ ፒዜድቲ የሚሄድ የድምፅ ሞገድ ከኃይሉ 80 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ወደ ፒቪዲኤፍ ሲሄድ የሚመለሰው 20 በመቶ ገደማ ነው። በሕክምና አልትራሳውንድ መሣሪያዎች የሚለቀቀውን ሞገድ ለመለካት የፒቪዲኤፍ ሃይድሮፎን የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በ2006 ወደ ፕሉቶ የተላከችው ኒው ሆራይዘንስ መንኮራኩርም የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት የአቧራ ቆጣሪ ይዛለች፤ ፊልሙ በውፍረት ከጫማው ጋር እኩል 28 ማይክሮ ሜትር ነው። አቧራ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታው ዋልታ ያለውን ቁስ ቦርቡሮ ያነሣል፣ የሙሉም ምልክት ይመዘገባል። ፊልሙ ራሱ የውጭ ቮልቴጅ አይፈልግም።

ዋልታው በመስክ የሚገለበጥና መስኩ ሲነሣም የሚጸና መሆኑ ለማስታወሻ ቺፕም ያሳስባል፤ በዚህ በኩል ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ትራይፍሎሮኤቲሊን የተቀላቀለበት ፖሊመር ሳይሳብ ቤታን የሚመስል ቅርጽ ይይዛል፤ በሟሟ ተፈትቶ ሊታተምም ይችላል። ነገር ግን ያ 50 ሚሊዮን ቮልት በሜትር አይለቅም፤ በ5 ቮልት ለመሥራት ፊልሙ 100 ናኖ ሜትር መሆን አለበት፣ ከዚያ ሲሳሳ ደግሞ ጥራቱን መጠበቅ ይከብዳል።

ፒቪዲኤፍን ከእርሳስ ነፃ ብሎ የሚያሞግስ ጽሑፍ ብዙ ነው። እርሳስ የለበትም፤ ፍሎሪን ግን አለበት። በ2023 መጀመሪያ ጀርመን፣ ዴንማርክ፣ ኔዘርላንድስ፣ ኖርዌይና ስዊድን በአካባቢ ውስጥ የማይበሰብሱትን የፍሎሪን ውህዶች በጅምላ የሚገድብ ሐሳብ ለአውሮፓ የኬሚካል ኤጀንሲ አቅርበዋል፤ ፒቪዲኤፍም በትርጉሙ ውስጥ ይገባል። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ማጣበቂያ ሆኖ የሚያገለግለው ይኸው ፖሊመር በመሆኑ ክርክሩ ከሴንሰር ሠሪዎች እጅግ የሰፋ ነው።

ፉካዳ ካጠናቸው መካከል የሆነው ፖሊላክቲክ አሲድ በዚህ ምክንያት እንደገና ትኩረት እያገኘ ነው። ከበቆሎ ስታርች ሊሠራ ይችላል፣ ዋልታውን በከፍተኛ መስክ ማስተካከልም አያሻም፤ ተስቦ ከስበቱ በ45 ዲግሪ መቆረጡ ይበቃዋል። የሚሰጠው በኒውተን 10 ፒኮ ኩሎምብ ያህል ብቻ ቢሆንም ፐርሚቲቪቲው 3 አካባቢ ስለሆነ በቮልቴጅ ከፒቪዲኤፍ አያንስም። በተጨማሪም ፒቪዲኤፍ ሙቀት ሲለዋወጥም ሙል ያወጣል፣ የጣትን ግፊትና የጣትን ሙቀት መለየት ይቸግረዋል፤ ፖሊላክቲክ አሲድ ግን ለሙቀቱ ዝም ይላል። እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ ይህ ለስልክ ጉድለት ነው፣ ሥራውን ጨርሶ በሰውነት ውስጥ እንዲሟሟ ለሚፈለግ የግፊት ሴንሰር ግን የሚመረጥበት ምክንያት ነው።