ድምፅ ያልተሰጠበት ክልል

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በወላይታ፣ በጋሞ፣ በጎፋ፣ በጌዴኦ፣ በኮንሶና በደቡብ ኦሞ ዞኖች፣ በአምስት ልዩ ወረዳዎችም ጭምር አዲስ ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። በሐዲያዋ ሆሳዕናና በከምባታዋ ዱራሜ ግን የድምፅ መስጫ ኮሮጆ አልቀረበም። እንዲያም ሆኖ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሆሳዕና የክልል ርእሰ ከተማ ሆነች። ሌሎቹ ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ፣ በነባሩ ደቡብ ክልል የቀሩት ሐዲያ፣ ከምባታ፣ ጠምባሮ፣ ሀላባ፣ ጉራጌ፣ ስልጤና የም «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ» የሚል ስም ወጣላቸው።

የጠየቁት ይህን አልነበረም። ሲዳማ የክልልነት ጥያቄውን ባነሳበት ሰሞን የሐዲያም የከምባታ ጠምባሮም ዞን ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ክልል መሆን ፈልገው ነበር። ሲዳማ ደም ፈስሶም ቢሆን ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ሰጠ፤ 98.5 በመቶው «ክልል» አለ። ለቀሪዎቹ የመጣላቸው ግን ዞኖችን አሰባስቦ በአንድ ክልል የሚያደራጅ «ክላስተር» ነው። በ2014 ክረምት የዞን ምክር ቤቶች ተራ በተራ ሲያጸድቁት፣ የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ሳይቀበለው ቀረ። ዛሬ ግን ጉራጌም እዚያው ክልል ውስጥ ነው።

የክልልና የፌዴራል ሥልጣን ክርክር ሲነሳ አሜሪካ መጠቀሷ አይቀርም። እዚያ 13ቱ ግዛቶች ቀድመው ነበሩ፤ ማዕከሉን ያቆሙት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ለፌዴራሉ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለግዛቶቹና ለሕዝቡ አስቀረ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52ም ከሞላ ጎደል ይህንኑ ይላል። ልዩነቱ ያለው በአፈጣጠሩ ላይ ነው። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 ክልሎቹን ቆጥሮ ቁጥር የሰጣቸው ማዕከሉ ነው፤ ከ7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ብዙም ሳይቆዩ «ደቡብ» ተብለው ተጠቃለሉ። በማዕከል የተሰፋውን ማዕከል ሲተረትረው ለምን እንደምንገረም አላውቅም።

በወረቀት ላይ ከሆነ የእኛው ሕግ ይልቃል። በአሜሪካ ከአንድ ግዛት ውስጥ ሌላ ግዛት ለማውጣት የነባሩ ግዛት ምክር ቤትና የኮንግረሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዌስት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1863 ስትወጣ፣ ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ መንግሥት ከሊንከን ጋር ጦርነት ላይ ስለነበር፣ ፈቃዱን የሰጠው ለኅብረቱ ታማኝ ሆኖ ዊሊንግ ላይ የተቋቋመ ሌላ «የቨርጂኒያ መንግሥት» ነው። ዘዴኞች ናቸው። በእኛ አንቀጽ 47 ግን የነባሩ ክልል ፈቃድ አይጠየቅም፤ የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። ዓመቱ ቢያልፍስ? በአሜሪካ እንዲህ ያለው ጠብ ፍርድ ቤት ይደርሳል። እኛ ዘንድ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ክላስተሮቹን ያጸደቀውም እሱው ነው።

አንቀጽ 47 ከክልሎቹ አንዱ አድርጎ ዛሬም የሚዘረዝረው «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች»ን ነው። ክልል የመመሥረት መብቱም «በማንኛውም ጊዜ» እንደሚሠራ ተጽፏል። ስለዚህ ከምባታ ነገ ቢጠይቅ፣ ደብዳቤው የሚገባው እንደ ድሮው ሐዋሳ ለነበረው የደቡብ ክልል ምክር ቤት ሳይሆን፣ ሐዲያም ከምባታም ወንበር ላላቸው ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት ነው። የአንድ ዓመቱ ቆጠራም ከዚያ ይጀምራል።