የማይፋቀው ገጽ

ለቢቸና ቅርብ በሆነችው ዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሞጣ ጊዮርጊስ፣ ድሮ የመሬት ነገር የሚመዘገበው በቤተ ክርስቲያኑ ብራና ላይ ነበር። ማን ለማን ሰጠ፣ ማን ከማን ገዛ፣ እነማን ምስክር ሆኑ... ብራና ግን ጠላት አለው፤ ቢላዋ! የአንዱን ስም ፍቆ የሌላውን ማስገባት ይቻላል። ለዚህም ነው በየብራናው የሰረቀም የፋቀም የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት የምናገኘው። ቆዳው እንደሆነ ያው ቆዳ ነው፤ የታሰረው የሰው እጅ ነው።

ይሄ ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉን። ነገሩ ወዲህ ነው።

"ፍላሽ" ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ኢንተርኔት ካፌ ሰክተነው ቫይረስ ይዞ የሚመለሰው የኪሳችን ፍላሽ ነው። ሌላም ፍላሽ አለ። በኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ የተበየደ ትንሽ ቺፕ ነው፤ ማብሪያውን ስንጫን ከዊንዶውስም በፊት የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች የሚነበቡት ከሱ ነው። እሱም እንደ ብራናው ይፋቃል፣ እንደገናም ይጻፍበታል።

የዚህን አደጋ ዓለም በደንብ ያየው ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። ቼን ኢንግ-ሃው የተባለ የታይዋን ተማሪ የጻፈው ሲአይኤች ቫይረስ በዚያን ዕለት ሃርድ ዲስክ ከማጥፋት አልፎ የቻለውን ቺፕ ሁሉ ደለዘ። ቺፑ የተደለዘበት ኮምፒውተር ማብሪያው ቢጫኑት አይነሳም።

መፍትሔው የቺፑን አንድ ክፍል እንዳይጻፍበት መዝጋት ነው። አንዳንድ ቺፕ ላይ መዝጊያው አንዴ ከተመታ ወዲያ ያ ክፍል ይነበባል እንጂ ሠሪው ራሱ እንኳ አይለውጠውም። እዚያ ያለው ኮድ የቀጣዩን ፕሮግራም ማኅተም መርምሮ ያስነሳል፣ ቀጣዩም የሚከተለውን። የመጀመሪያው መርማሪ ከተገዛ ግን የሌላው ሁሉ ምርመራ ከንቱ ነው።

ነገሩ እኛም አገር ገብቷል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ "ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" በተባለው ፕሮጀክት 5,000 ያህል ነጭና አረንጓዴ ኤክስኦ ላፕቶፖች ለተማሪዎቻችን መጡ። ቢትፍሮስት በተባለው የደኅንነት ንድፋቸው መሠረት፣ የማስነሻው ቺፕ ያለ ድርጅቱ ማኅተም አዲስ ጽሑፍ አይቀበልም። ሆኖም ውስጡን መነካካት የሚፈልግ ሰው ለዚያችው ላፕቶፕ ብቻ የሚሠራ ቁልፍ መጠየቅ ይችል ነበር። እኛን የገረመን መቆለፉ ሳይሆን መክፈቻውም አብሮ መታሰቡ ነው።

ምክንያቱም ዘላለማዊ ቁልፍ ስሕተትንም ይጠብቃል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ቼክም8 የተባለ ቀዳዳ በብዙ የአይፎን ሞዴሎች ማስነሻ ውስጥ መኖሩ ታወቀ። ያ ኮድ ከፋብሪካ ጀምሮ የማይለወጥ ስለሆነ አፕል በእጅ ያሉትን ስልኮች ሊጠግናቸው አልቻለም።

ታዲያ አይቆለፍ እያልን ነው? በፍጹም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሎጃክስ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም በዚሁ ማስነሻ ቺፕ ውስጥ ተደብቆ መገኘቱ ታውቋል፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫን፣ ሃርድ ዲስክ ቢቀየርም አይወጣም። መቆለፉ ግድ ነው። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው።

የጎጃሙ ብራና ላይ ምስክሮቹ በስም ተጠቅሰዋል፤ ባለመሬቱ ማን እንደመሰከረለት ያውቃል። ዛሬ ሞጣም ሆነ ቢቸና ሱቅ ገብተን የምንገዛው ስልክ የመጀመሪያ ገጹን ማን ጻፈው? ማኅተሙስ የማን ነው? ዋጋ ስንከራከር ይህችንም ብንጠይቅ ምን ይለናል?